ከምሳር እስከ ባትሪ መጋዝ፦ የእንጨት መቁረጫ ታሪክ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

(በመካነ ሰላም ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው የእጅ ባለሙያዎች በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)



የዚህ ገለጻ ማስታወቂያ በተለጠፈ ማግስት አንድ ባልደረባዬ በረንዳ ላይ አቁሞ፣ «የታሪክ መምህር ከመጋዝ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ጥቂት ያሳፍረኛል። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ ተቋም የግዥ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ለጥገና ክፍሉና ለእንጨት ሥራ ወርክሾፑ በባትሪ የሚሠሩ መጋዞች እንድንገዛ ተጠየቅን። ብዙዎቻችሁ አይታችኋቸዋል፤ ሽቦ የላቸውም፣ በሁለት እጅ ይያዛሉ፣ ከፊታቸው የወጣችው ቀጭን ምላጭ ወደፊትና ወደኋላ እጅግ በፍጥነት ትመላለሳለች። ለዛሬ «ተመላላሽ መጋዝ» እንበላቸው። መስፈርቱን የጻፍነው ከአንድ ሻጭ ማስታወቂያ ላይ ገልብጠን ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው አሸነፈ። ዓመት ሳይሞላ ባትሪዎቹ ደከሙ፤ በዚያ ስም የሚጠራ ምትክ ባትሪ ደሴም አዲስ አበባም ተፈልጎ ታጣ። ሞተሮቹ ምንም አልሆኑም። በግዥው ቃለ ጉባኤ ላይ የእኔም ፊርማ አለ።

ያን ጊዜ የጠየቅነው ስንት ቮልት እንደሆነና ስንት ብር እንደሆነ ብቻ ነበር። ሲደንዝ ማን ይስለዋል? ኃይሉን ከየት ያገኛል? የሚቆርጠውስ የትኛውን እንጨት ነው? እነዚህን አልጠየቅንም። ኋላ ላይ የዚህን ደጋ የእንጨት ሥራ ታሪክ ሳነብ የተረዳሁት፣ ሦስቱም ጥያቄዎች እዚህ አገር ቢያንስ አምስት መቶ ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ከሩቁ እንድነሣ ፍቀዱልኝ፤ ወደ ባትሪው እንመለሳለን።

የዛሬው ቦረና፣ ሳይንት፣ ለጋምቦና አካባቢው በመካከለኛው ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል የነበረው አገር አካል ነው። ከ1468 እስከ 1478 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን በዚሁ በቤተ አምሐራ አሠሩ። ዐፄ ናዖድ ያስጀመሩትን መካነ ሥላሴን ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ መካነ ሥላሴን አይቶታል፤ የኢማም አህመድን ዘመቻ የጻፈው ዓረብ ፈቂህም በ1531 ከመቃጠሉ በፊት የነበረውን ጌጥ በመደነቅ ይገልጸዋል። የሁለቱም ዓይን ያረፈው በወርቁና በፈርጡ ላይ ነው። ወርቅ ግን ያለ ሳንቃ አይለበጥም። ቤተ ክርስቲያን እንደዚያ በእሳት የሚጠፋውም ውስጡ እንጨት ስለሆነ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሳንቃውን ማን፣ በምን መሣሪያ እንዳወጣው ነው።

በአብዛኛው በመጥረቢያ ነው። አሠራሩን በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጽዱ ወይም ወይራው በምሳር ይወድቃል፤ ግንዱ በሽብልቅ ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ግማሽ ጀርባው በመጥረቢያ እየተጠረበ እስኪሳሳ ይወርዳል። ከአንድ ግንድ ሁለት ሳንቃ። የቀረው ፍልጥ ነው፤ ወደ ምድጃ ይገባል። በድሮ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት የምናየው ማጠፊያ የሌለው፣ ከራሱ እንጨት በወጣ እግርና ራስ ላይ የሚዞር ወፍራም መዝጊያ የዚህ አሠራር ልጅ ነው። የቅኔ ማሕሌቱ ወራጅም፣ የገጠሩ መስጊድ ምሰሶም የተጠረቡት በአንድ ዓይነት መጥረቢያ ነው፤ ምናልባትም በአንድ ሰው እጅ።

መጋዝ አይታወቅም ነበር ማለቴ አይደለም። ግእዙ «ሞሠርት» የሚል ቃል አለው። ዕርገተ ኢሳይያስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው፤ የሚተርከውም ነቢዩ በመጋዝ ተሰንጥቆ መሞቱን ነው። ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ምዕራፍ 11 ቁጥር 37 ላይም ይኸው መከራ ተጠቅሷል። እንግዲህ የዚህ ደጋ ሰው መጋዝን በንባብና በስብከት ሲሰማው ኖሯል፤ በገጠሩ አናጢ ትከሻ ላይ ግን እምብዛም አያየውም ነበር።

ለምን? አንዳንድ መንገደኞች ነገሩን በኋላ ቀርነት ይተረጉሙታል። እኔ ቀጥቃጩን መጠየቅ ይሻላል እላለሁ። ምሳር፣ ማጭድ፣ ማረሻ ለመሥራት ጥቂት ብረት፣ ከሰል፣ ወናፍና ችሎታ ይበቃል፤ ሲደንዙ ያው ቀጥቃጭ አግሎ ይመታቸዋል፣ ባለቤቱም በድንጋይ ይስላቸዋል። መጋዝ ግን ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ አንድ የሆነ፣ ሲታጠፍ ተመልሶ የሚቀና የአረብ ብረት ሉህ ይፈልጋል። ጥርሱን ለመሳል ደግሞ ከመጋዙ የጠነከረ ሞረድ ያስፈልጋል፤ ሞረዱንም የሚሠራ ሌላ ሙያ። መጋዝ ብቻውን የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ ከኋላው የፋብሪካ ሰንሰለት ይጎትታል። ያ ሰንሰለት በሌለበት ምሳርን የመረጠ ሰው አላጠፋም። በዚያ ላይ ብረት ቀጥቅጦ የሚያድረው ሰው በማኅበረሰቡ ዘንድ ምን ያህል ይናቅ እንደነበር አትዘንጉ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ግድም የእጅ ሥራ የሚሠራውን ሰው በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? የተሰደበ ባለሙያ አዲስ መሣሪያ ለመፍጠር ልብ አይኖረውም።

የአውሮፓ የአናጢነት ሙያ በትልቅ ሥራ ወደዚህ ደጋ ሲገባ የምናየው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የተሰበሰቡት የእጅ ባለሙያዎች፣ አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን የመሳሰሉ ሰዎች ነበሩ። መድፉን ሴባስቶፖልን እዚያ አፈሰሱት። ወደ 7 ቶን የሚገመተው ይህ ብረት በጥቅምት 1867 እ.ኤ.አ. ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በሰረገላ ላይ ሆኖ፣ ወደ 500 በሚጠጉ ሰዎች እየተጎተተ፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት 1868 ነው። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምገረመው በሰረገላው ነው። ያን የሚያህል ሸክም የሚችል መንኮራኩር ከተጠረበ ሳንቃ ብቻ አይወጣም፤ በልክ የተቆረጠ፣ የተጋጠመ፣ በብረት የታሰረ እንጨት ይፈልጋል። በሚያዝያ 1868 ንጉሠ ነገሥቱ ሲያልፉ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀቁ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ከሙያው ግን በመንደሩ የተረፈ የለም፤ የሥራ ቤቱን ያቆሙት ሰዎች ሲሄዱ መሣሪያውን የሚስል፣ ምትክ የሚያመጣ አልቀረም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ በባትሪው ነገር እንደገና እናገኘዋለን።

መጋዝ በእርግጥ የገባው በሁለት ነገሮች ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው፤ በባሕር ዛፍና በቆርቆሮ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ግድም፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ለማቃለል እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከዚያ ወደ ወሎ ደጋ ተስፋፋ። ጽድና ወይራ ለመሰንጠቅ ይታዘዛሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ውስጡ ውጥረት አለበት፣ ሲቆረጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሲደርቅ ይጣመማል፣ መጋዙንም ሳይጨርስ ነክሶ ይይዘዋል። ቀጥ ያለ ረጅም ምሰሶ ግን በጥቂት ዓመት ይሰጣል፤ አጣናውም፣ ማገሩም፣ ቋሚውም እሱ ሆነ። ባቡሩ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮና ሚስማር በብዛት ይገቡ ጀመር። የቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ እንደ ሣር ጣሪያ አይደለም፤ በአንድ ልክ የተቆረጠ እንጨት ይጠይቃል። ልክ ሲመጣ መጋዝ መጣ።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበረው የጣሊያን ወረራ የተረፈውን ጨመረ። ቋንቋችንን ስሙት፤ ሞራሌ፣ ፒያላ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሴጌቶ። አናጢ ሥራ ቦታ ገብቶ ጆሮውን የከፈተ ሰው ማን መሣሪያውን እንዳመጣ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። ምሳር፣ መሮ፣ ሽብልቅና መጋዝ ግን በራሳችን ስም ቀሩ።

እዚህ ላይ ስለ እናቴ ወንድም ጥቂት ልበል። አናጢ ነበር። ማታ ማታ መጋዙን ጥርሱን ወደ ላይ አድርጎ በሁለት ሳንቃ መካከል ያጣብቀውና በሦስት ማዕዘን ሞረድ ይስለው ነበር፤ ከዚያ ጥርሶቹን አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ ያዘነብላቸዋል፣ መንገዱ ሰፍቶ እንጨቱ እንዳይነክሰው። እኔ ፋኖስ ያዥ ነበርሁ። «ብርሃኑን ዝቅ አድርገው ልጄ፣ ጥርሱ ሲያብረቀርቅ ነው የደነዘው የሚታየው» ይለኝ ነበር፤ እውነት ነው፣ የደነዘ ጥርስ ጫፉ ላይ ብርሃን ይመልሳል። ያ መጋዝ እኔ ዘንድ አለ። በሞረድ ብዛት ወርዱ ወደ ግማሽ ወርዷል። የአንድ ሰው የሥራ ዘመን በሙሉ አገልግሎ፣ ከሞረድ በስተቀር ምንም አልጠየቀም።

ዛሬ ገበያ ላይ የምትገዙት የእጅ መጋዝ ግን እንደዚያ አይደለም። ጫፋቸው የጠቆረ ጥርሶች ካያችሁ፣ በኤሌክትሪክ ሙቀት የደደሩ ናቸው፤ ቶሎ አይደነዝዙም፣ ሲደነዝዙም ሞረድ አይበላቸውም፣ ይጣላሉ። ስለዚህ የመሳል ሙያ የሞተው ባትሪ ሲመጣ ነው የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል። ቀድሞ ነው የሞተው።

እንግዲህ ወደ ተመላላሹ መጋዝ። በእጅ ተይዞ በኤሌክትሪክ የሚሠራው የዚህ ዓይነት መጋዝ በ1951 እ.ኤ.አ. ሚልዋኪ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለገበያ ቀረበ። ባትሪ ያለው የእጅ መሣሪያ፣ መሰርሰሪያ ነው፣ በ1961 በብላክ ኤንድ ዴከር ወጣ፤ የዚያን ጊዜው የኒኬልና ካድሚየም ባትሪ ግን ከባድና ደካማ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1991 በሶኒ ለገበያ የበቃው የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ለእሱ መሠረት የጣሉት ጉዲናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ከ2005 ወዲህ ይኸው ባትሪ ወደ ከባድ የግንባታ መሣሪያዎች ገባ። ታሪኩ አጭር ነው፤ እኔም አላረዝመውም።

ይልቅ ለምን ሥራ ነው የተሠራው? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ተመላላሽ መጋዝ የቤት ዕቃ መሥሪያ አይደለም። ምላጩ ይንቀጠቀጣል፣ የሚተወው ጠርዝ ሻካራ ነው። የእሱ ቦታ ሌላ መጋዝ የማይገባበት ነው። የራሳችንን ከተማ ቤት አስቡ፤ የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በላዩ ማገር፣ በላዩ ጭቃ። ከዓመታት በኋላ ቋሚው ከሥሩ ምስጥ ይበላዋል። ግድግዳውን ሳያፈርስ የተበላውን እግር ብቻ ቆርጦ በሌላ መተካት የሚፈልግ ሰው የእጅ መጋዝ የሚስብበት ስፍራ አያገኝም፤ በምሳር ቢመታው ግድግዳው ይረግፋል። በሁለት ዓይነት ብረት የተሠራችው፣ ወገቧ የሚታጠፍ ጥርሷ የደደረ ምላጭ ግን እንጨቱንም የተቀበረውን ሚስማርም አብራ ትቆርጣለች። ለመንገድ ማስፋፊያ የሚፈርስ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሚስማር የበዛበትን ሞራሌ ሳይሰባብሩ ማዳን ይቻላል። የተዳነ ሞራሌ ደግሞ ያልተቆረጠ ዛፍ ነው። ይህ ሥራ ያለው ሰው ተመላላሽ መጋዝ ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም። አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ሰው ግን ገንዘቡን ለክብ መጋዝ ያስቀምጥ።

አሁን ከሦስቱ ጥያቄዎች ወደ ኃይሉ ልምጣ። ይህ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በቤንዚን የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ አየሩ በሳሳ መጠን ይደክማል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ እዚህ ሩቡን ያህል ጎድሎ ይሠራል ማለት ነው። የባትሪ ሞተር አየር አይበላም፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የሚቆርጠውን አምባ ፈሪት ተራራ ላይም ይቆርጣል። ለደጋ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ በሻጮች ማስታወቂያ ላይ ግን አላየሁትም፤ ማስታወቂያውን የሚጽፉት ቆላ ሳይኖሩ አይቀሩም። ባትሪው የሚጠላው ብርድን ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሌሊቱን ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ኃይል ቢሞላበት ደግሞ ለዘለቄታው ይጎዳል። ከቤት አሳድሩት፤ ለረጅም ጊዜ ካስቀመጣችሁትም ሙሉም ባዶም አታድርጉት።

ቮልት የሚባለውን ነገር አትመኑ፤ ቢያንስ ብቻውን አትመኑ። «18 ቮልት» እና «20 ቮልት ማክስ» አንድ ናቸው። በውስጣቸው 3.6 ቮልት የሆኑ አምስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል፤ አንዱ መደበኛውን መጠን፣ ሌላው ገና ከቻርጀር ሲነሣ ያለውን ከፍተኛ መጠን ይጽፋል። መርካቶ ውስጥ «48 ቪ.ኤፍ.»፣ «88 ቪ.ኤፍ.» የሚል የተጻፈባቸውን ርካሽ ባትሪዎች ካያችሁ ቁጥሩ ቮልት አይደለም፤ ብዙዎቹ ቢከፈቱ ያችኑ አምስት ሴል ነው የያዙት። መቁጠር ያለባችሁ ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ አባዝታችሁ የምታገኙትን ዋት ሰዓት ነው። 18 ቮልት ሲባዛ በ5 አምፔር ሰዓት 90 ዋት ሰዓት ይሆናል። ተመላላሽ መጋዝ ከባትሪ መሣሪያዎች ሁሉ ሆዳሙ ነው፤ ለመሰርሰሪያ ቀን የሚያውል 2 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለእሱ ቁርስ አይሆንም። ሁለት 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ይዞ አንዱ ሲሠራ አንዱን ማስሞላት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ሞልተው ቢገኙ።

ከውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህን ስሙኝ። ብዙ ጥሩ መሣሪያ ወደዚህ የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው። የአሜሪካ ቻርጀር ብዙ ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ በደቂቃ ይቃጠላል፤ ከዚያ ወዲያ ባትሪው ደህና ሆኖ ሳለ የሚሞላው ይጠፋል። ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ቻርጀሩ ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። የአውሮፕላኑም ሕግ አለ፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፣ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለፈቃድ ያልፋል፣ ከ100 እስከ 160 በአየር መንገዱ ፈቃድ ሁለት ብቻ፣ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ አይፈቀድም። ያ 90 ዋት ሰዓት ያልኋችሁ ባትሪ ያልፋል፤ 9 አምፔር ሰዓት ያለው ግን 162 ስለሚሆን አውሮፕላን ማረፊያ ይቀራል።

የመሣሪያውን አካል በሚመለከት ካርቦን የሌለው ሞተር ይሻላል፤ ካርቦኑ አልቆ የሚቆም ነገር ስለሌለውና ከአንድ ባትሪ ብዙ ሥራ ስለሚያወጣ። የምላጩ ጉዞ 28 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አጭር ጉዞ ዱቄቱን ከቁርጡ አያወጣም፣ ባሕር ዛፍ ላይ ቶሎ ይነከሳል። የምላጩ መሰኪያ በአብዛኛው በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ ዓይነት ስለሆነ ምላጭ ከየትም ይገዛል፤ ለእንጨት በኢንች ከ5 እስከ 8 ጥርስ፣ ለብረት ከ14 እስከ 24። ባትሪ ግን እንደዚያ አይደለም፤ የማኪታው ለቦሽ፣ የዲዋልቱ ለኢንግኮ አይገጥምም። ስለዚህ መጋዝ የገዛችሁ ሲመስላችሁ የምትገዙት የባትሪ ቤተሰብ ነው፤ ቀጣዩ ትራፓኖና ግራይንደርም ከዚያው ቤተሰብ ይመጣሉ፣ ወይም ሁለት ቻርጀር፣ ሁለት ዓይነት ባትሪ ትሸከማላችሁ።

ስለ እጃችሁም ልናገር፤ በሽታው ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው አያወራውም። ይህ መጋዝ ይንዘፈዘፋል። ንዝረት ለዓመታት የጣትን ደም ሥርና ነርቭ ይጎዳል፤ ጣት በብርድ ይነጣል፣ ይደነዝዛል፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቅታል። የአውሮፓ ኅብረት የ2002 መመሪያ ለስምንት ሰዓት የሥራ ቀን 2.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ላይ ጥንቃቄ እንዲጀመር፣ 5 ላይ ሥራው እንዲቆም ይደነግጋል። ንዝረቱ 20 የሆነ መጋዝ፣ ይህ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ እንግዳ ቁጥር አይደለም፣ የመጀመሪያውን ወሰን በ7 ደቂቃ ተኩል፣ ሁለተኛውን በ30 ደቂቃ ቁርጥ ይደርሳል። ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ የምላጭ ሥራ ከቀን ወደ ቀን የሚሠራ ሰው ከመግዛቱ በፊት በመመሪያው መጽሐፍ ላይ ያለውን የንዝረት ቁጥር ይፈልግ። ከዋጋ ልዩነት በላይ ለዚያ ቁጥር መክፈል እንደሚገባ አምናለሁ። ብርድ ባለበት አገር ደግሞ ይብሳል።

የትኛውን እንጨት ነው የሚለው ይቀረኛል። ከእኛ አጠገብ ደንቆሮ ጫካ አለ፤ በ2001 ዓ.ም. የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል፣ ኋላም ወረሂመኖ ተጨምሮበታል። አስታው፣ ኮሶው፣ ጽዱ፣ ከላይ ጅብራው፤ ቀይ ቀበሮም ጭላዳም ይኖሩበታል። ምሳር ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ጥበቃው ሰምቶ ይደርሳል። የሰንሰለት መጋዝም ሞተሩ ይጮኻል። የባትሪ መጋዝ ድምፅ ግን ከአንድ ሸንተረር ማዶ አይሰማም፣ ክንድ የሚያህል አስታ ለመጣልም ትንፋሽ አይፈጅበትም። መሣሪያውን አንግዛ እያልሁ አይደለም። የጫካው ጥበቃ እስከ ዛሬ በከፊል የተደገፈው በመሣሪያው ድካምና ጩኸት ላይ እንደነበር ግን በዚህ ግቢ ደን የሚያጠኑ መምህራን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል።

አሮጌ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ። በጥገና ስም የተጠረበ ወራጅ በዚህ መጋዝ ሲቆረጥ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጥረቢያው ምት፣ የግንዱ ዕድሜ፣ የአናጢው እጅ አካሄድ ሁሉ በዚያ ወራጅ ገጽ ላይ ነው ያለው፤ ስለ ቤተ አምሐራ አናጢዎች ሌላ ሰነድ የለንም። ምስጥ የበላው ጫፍ ብቻ ይቆረጥ፤ ከመቆረጡም በፊት ፎቶ ይነሣ፣ ይለካ፣ የተቆረጠውም ቁራጭ ለማገዶ አይሰጥ።

በገለጻው ማብቂያ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱን እዚህ ላካትት። አንድ የከተማችን አናጢ፣ «ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ ቢሆኑ የትኛውን ስም ይገዛሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስም አልነገርሁትም፤ ስም የሚቀየር ነገር ነው። ወደ ሱቁ ስትገባ መጋዙን ከመንካትህ በፊት ባትሪው ለብቻው ስንት እንደሆነ ጠይቅ አልሁት፤ ከመደርደሪያ አውርዶ ካሳየህ ቀጥል። ምትክ ቻርጀሩንም እንዲሁ። ደሴ ወይም አቀስታ ላይ የሚጠግነው ሰው ካለ ስልኩን ተቀበል። በመጨረሻ ይዘኸው የመጣኸውን የባሕር ዛፍ ቁራጭ እዚያው አስቆርጥ፤ ሻጩ እንቢ ካለ ውጣ።

ያ አናጢ ቀጥሎ የኮሚቴያችን መጋዞች የት እንደደረሱ ጠየቀኝ። መደርደሪያ ላይ ናቸው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ቆጣሪዎች ይመጣሉ፣ ቁጥራቸውን ያያሉ፣ «በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ» ብለው ይጽፋሉ።